የሆዮ ዐምራን የመጨረሻ ግመል

ለውድ እህቴ ለእታለም አክሱማዊት፤ አርባ ምንጭ

ሰላምታዬ ከልቤ ተነሥቶ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ደረጃ መውጣቱ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ለቀቅ አደረገሽ? በዛብህስ ደህና ነው? ያ ሳል ተወው? አይዳስ ፈተናዋን በደህና ጨረሰች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሥጋ ደህና ነን። በሥጋ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ የአክስታችን ልጅ ጥሩአየሁ ናት። በጠዋት፣ ጎረቤቶችሽን ይዛ እንድትገባ የለመንኳት እኔ ነኝ። ሰሞኑን ስትደውዪ ያላነሣሁት ድምፄን ከሰማሽ ታውቂብኛለሽ ብዬ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። እታለም፣ ሆዮ ዐምራን ዐርፋለች። አልቅሺ፤ ቀሪውን ከለቅሶሽ በኋላ ታነቢዋለሽ።

ሰው «ምናችሁ ናት?» ሲለን አንድም ቀን በአጭሩ መልሰን አናውቅም። እናታችን እኔን ወልዳ ስትሞት አንቺ ነፍስ አውቀሽ ነበርና ከእኔ ይልቅ ታስታውሺዋለሽ። አባባ የሀርሺን ጦር ሰፈር ሹፌር፣ እሷ ለሰፈሩ ወተት የምትሸጥ ሴት። ልጇን ኤልሚን ታጠባ ነበር። አባባ እኔን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በር ላይ ቆሞ ሲያያት ምንም ሳትጠይቅ ተቀብላ በአንዱ ጡቷ ኤልሚን፣ በሌላው እኔን አደረገች። ሆዮ ማለት በእነሱ በሶማሊኛ እናት ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እኔ ስሟ ይመስለኝ ነበር።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ጉ የሚሉት የበልግ ዝናብ ዘንድሮም ቀረ። አምናም ቀርቶ ነበር። የሀርሺን ኩሬዎች ደርቀው መሬታቸው እንደ ተሰነጠቀ ተረከዝ ሆነ። ኤልሚ ስልክ የሚሠራበት ኮረብታ ድረስ በእግሩ ሄዶ ደወለልኝና «ወንድሜ፣ ውሃ» አለኝ።

ከአባባ የቀረንን አሮጌውን ላንድክሩዘር ፒካፕ ታውቂዋለሽ። ኋላው ከተኛ ቆይቷል፤ በርሜል ሲጫንበት ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ወደ ታች ይጎብጥና ጎማው ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎውን ይፍቃል። እንዲያ ሆኖ የሀርሺንን መንገድ አይችለውም። ስለዚህ እዚህ ጅግጅጋ ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ላለው ለጉሌድ ሰጠሁት። አብረን ባቢሌ ወርደን ከተገለበጠ አይሱዙ የወለቁ ወፋፍራም የባሌስትራ ብረቶች አገኘን። በልኩ ቆርጠን ከነባሮቹ ሥር ደረብናቸው፤ በመጋጠሚያቸው ያሉትን ጎማዎች፣ ጎሚኒዎቹንም ቀየርን። የመኪናው ኋላ እንደ ኮርማ ትከሻ ቀጥ አለ። ውሃ ሲጭን ንቅንቅ አይልም፤ ባዶውን ሲመለስ ግን ድንጋይ በነካ ቁጥር እየዘለለ ወገብ ይቆርጣል።

እየተመላለስኩ ውሃ አደረስኩ። በሄድኩ ቁጥር የሚጠብቁኝ ከብቶች እያነሱ መጡ። መጀመሪያ በጎቹ አለቁ፤ ከዚያ ፍየሎቹ። ግመል ይችላል ሲባል ግመሎቹም ተከተሉ። ኤልሚ የሞቱትን እየጎተተ ከሰፈር ያርቅና ተመልሶ በርሜሉን አብሮኝ ያወርዳል። በመጨረሻ የቀረችው ዐዴይ ብቻ ነበረች። ነጯ ግመል። ሆዮ ጡት ካስጣለችን በኋላ በዚህች ግመል አያት ወተት ነው እኔና ኤልሚ ያደግነው። ሆዮ እጇን የዐዴይ ሆድ ላይ አድርጋ «ይቺ ደግሞ የእናንተ የሥጋ ዘመድ ናት» ትለን ነበር።

አንድ ቀን ውሃውን አውርጄ ሳበቃ ሆዮ ጠራችኝ። «ልጄ፣ ውሃ ይብቃህ። ይቺ የጠፋት የምትበላው ነው። ቅጠል ወዳለበት ውሰድልኝ» አለችኝ። ከጅግጅጋ ወዲያ አውበሬ ያለው የኤልሚ አማች የማሽላ አገዳ ቆጥቦ ነበር። ዐዴይ ግን ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ እንደማትዘልቀው የታወቀ ነው፤ የጎድን አጥንቷ ከሩቅ ይታያል።

ለጉሌድ ግመል ልጭንበት ነው ስለው በመኪናው ዙሪያ ዞረና ራሱን ነቀነቀ። «ለውሃ ያበጀነው ለእሷ አይሆንም። ውሃ አይሰበርም። እሷ ግን አንዴ ብትነጥር እግሯ ይሰበራል፤ እግሯ የተሰበረ ግመል ደግሞ ለካራ ነው» አለኝ። ወፋፍራሞቹን ብረቶች አወጣን። በምትካቸው ከሌላ ላንድክሩዘር የተገኙ ረዘም ያሉና ቀጠን ያሉ ብረቶች አስገባን፤ ክብደት ሲበዛ ብቻ ሥራ እንዲጀምር አንዱን ወፍራም ከታች ተውነው። ንጥረቱን የሚያበርዱትን ሾክ አብዞርበሮች በአዲስ ለወጥን። ከዚያ አሸዋ በጆንያ ሞልተን ጫንን፤ ጉሌድም ከኋላ መጫኛው፣ ካሶኒው ላይ በጀርባው ተጋድሞ «በዚያ በድንጋያማው ንዳኝ» አለ። አንዴ ነዳሁት፤ ወርዶ አንድ ብረት አስቀነሰኝ። እንደገና ነዳሁት። ስመለስ ዓይኑን ጨፍኗል። «ተነሥ» ስለው «ተወኝ፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው» አለኝ። እንዲህ ተሳስቀን ነው የተለያየነው እታለም።

ካሶኒው ላይ አሸዋ ደልድለን ሰሌን አነጠፍንበት። የሰፈሩ ወንዶች ዐዴይን በገመድና በልመና አንበርክከው አወጧት። ሆዮን ጋቢና ግቢ ብዬ ብለምናት እንቢ አለች። «ሰው አጠገቧ ከሌለ ትፈራለች» ብላ እኛው ደግፈናት ወጣችና የግመሏን አንገት ጭኗ ላይ አደረገች። ኤልሚን «አንተ ፊት ሁንና ድንጋዩን አሳየው» አለችው።

እውነቴን ነው፣ ያ መኪና እንደዚያ ቀን ሄዶ አያውቅም። ጉድባው ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የኋላው ዝቅ ብሎ ቀስ ብሎ ይመለሳል እንጂ አይወረውርም። ኤልሚ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ግራ! አሁን ቀኝ!» ይለኛል። ሀርሺንን ከለቀቅን በኋላ ስለ ጉሌድ መጋደም ሳጫውተው ሳቀ። ድሮ ዛፍ ላይ ሆነን አንቺን ስናስፈራራ እንደሚስቀው፣ ሆዱን ይዞ። ከዓመት ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር።

ቀብሪበያህ ላይ ለራዲያተሩ ውሃ ልጨምር ቆምኩና ወደ ኋላ ዞርኩ። ሆዮ በሻርፗ የዐዴይን ፊት ከፀሐይ ሸፍናላታለች። «እንዴት ናት?» አልኳት። «ተኝታለች። ንዳ ልጄ» አለችኝ። «አልተንገላታችም?» ብላት «ምንም አልተንገላታችም። እጅህ ይባረክ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ነዳሁ።

አውበሬ ስንደርስ የአማቹ ቤተሰብ በሙሉ ወጥቶ ጠበቀን። አገዳው ተከምሯል። ኤልሚ እቅፍ ሙሉ አንሥቶ ሮጠና የካሶኒውን መዝጊያ ከፈተ። ዐዴይ አንገቷን አላነሣችም። ሻርፑን ሲገልጠው ዓይኗ ላይ ዝንብ ነበር። ሆዮ ጉንጯን እየደባበሰች «ቀብሪበያህ ሳንደርስ ነው የሄደችው» አለች። ኤልሚ አገዳውን እንደታቀፈ «እና ለምን አልነገርሽንም?» አላት። «ስትስቅ ሰማሁህ። እስኪ ትንሽ ይሳቅ ብዬ ነው» አለችው። አገዳው ከእጁ ወደቀ። እኔም መኪናው ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ሆዮን ወደ ቤቴ ወሰድኳት። ባለቤቴ ሮዛ እንደ እናቷ ያዘቻት፤ ሕፃን እንደሚመገብ አፏ ላይ እያደረሰች ታበላታለች። ከገበያ የግመል ወተት ገዝታ ብታቀርብላት ቀመሰችና አስቀመጠችው። «ይቺ ግመል ራሷ ተጠምታለች። ለግልገሏ ይተዉላት» አለች። ሐኪሙ ሳንባዋ ውሃ ቋጥሯል፣ ዕድሜም አለ አለን። መድኃኒቱን አላቋረጠችም፤ ሰው እንዳታስቀይም ብላ ነው የምትውጠው። የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ዘመኑ ተደበላለቀባት መሰለኝ፣ «ለአክሱማዊት ጸጉሯን ማን ይሠራላታል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አለላት ሆዮ፣ የሚሠራላት አለ» አልኳት። «ጠበቅ አድርገው ካልያዙት ይፈታባታል» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ሮዛ ልታገላብጣት ስትገባ ዐርፋ አገኘቻት።

ኑዛዜዋ ሀርሺን፣ ከባሏ ጎን ቅበሩኝ የሚል ነበር። የሃይማኖታቸው ወግ መቸኮል ስለሆነ በዚያው ቀን ተነሣን። ኤልሚ ከኋላ ከአስከሬኗ ጋር ተቀመጠ፤ እኔ ብቻዬን ነዳሁ። ምንም የምትጎዳው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም ድንጋይ ድንጋዩን እየሸሸሁ ስለሄድኩ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው የደረስነው። ቀብሩ ላይ ወደ ኋላ ቀረት ብዬ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ እያዩ ለኤልሚ «ይህ ክርስቲያን ማነው?» አሉት። ኤልሚ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የእናቴ ልጅ ነው። ከአንድ ጡት ነው የጠባነው» አላቸው። ሽማግሌው በእጃቸው ጠሩኝ። እግሯን እኔ፣ ራሷን ኤልሚ ይዘን ወደ ጉድጓዱ ተቀበልናት። እንዴት ቀልላ እንደነበረች እታለም! ያን ሁሉ ሰው ያሳደገች ሴት እንዲያ ትቀልላለች?

ኤልሚ አሁን አውበሬ ነው፤ ቀን ሥራ ይዟል፣ ድንጋይ ይጭናል። እኛ ጋ ተቀመጥ ስለው «ግመል የሌለው ሰው ሲነጋ ምን ብሎ ይነሣል? ቢያንስ ይድከመኝ» አለኝ። ደውይለት። ስለ እሷ አታንሺበት፤ እንዲያው ድምፅሽን ያሰሚው። መኪናውን ትናንት ለጉሌድ ወሰድኩት። ወፋፍራሞቹን ብረቶች እንዲመልሳቸው ነገርኩት፤ ሀርሺን በርሜል የሚጠብቁ ሌሎች ሰዎች አሉና። ጉሌድ ሲፈታው ማየት አልቻልኩም፤ ወጥቼ መንገድ ላይ ቆምኩ።

በዛብህን አንገቱን አቅፈሽ ሳሚልኝ። አይዳን አጎትሽ በርቺ ብሎሻል በያት። የጎረቤትሽን የእማማን ምርቃት አልረሳሁም፤ እጅ እነሣለሁ በያቸው። ሮዛ እያለቀሰች ትስምሻለች። ልጄ ሽመክትም እንዲሁ። ጉሌድ አላህ ያጽናት ብሏል። ስልክ በደወልኩልሽ ቁጥር «ሆዮ ሰላም ብላሻለች» ብዬ ነበር የምዘጋው፤ አንዳንዴ ሳላገኛት የከረምኩ ጊዜ እንኳ እንዲያው በራሴ እልሽ ነበር፤ እንደምትልሽ አውቃለኋ። ዛሬም እጄ እሱን ሊጽፍ ሄዶ ነበር።

ወንድምሽ ነቢዩ
ጅግጅጋ፣ ሰኔ 2014 ዓ.ም.