ለልጆቻችን አጨብጭበን ኮሚቴ መረጣችሁ ለተባልነው መልስ ይሰጠን

እርስዎን ነው የምለው፣ የተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ! ገልብጠው አያስቀምጡት፣ ደብዳቤው የእርስዎ ነው። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብስ ደህና? ወንበርዎስ ይመቻል? እኛ ባለፈው ቅዳሜ የሕፃናት አግዳሚ ላይ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ ስንቀመጥ እርስዎን እያነሳን ነበር።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። የጠራችሁን ለወላጆች አማካሪ ኮሚቴ ሦስት ሰው እንድንመርጥ ነበር። መጀመሪያ ልጆቹ ዘመሩ። የእኔዋ ግጥሙ ጠፍቷት አፏን ብቻ ስታንቀሳቅስ አይቼ እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ። ጭብጨባው ገና ሳያልቅ የመድረክ መሪው ሦስት ስም አነበበና «በጭብጨባ ስላጸደቃችሁልን እናመሰግናለን» አለ። ጎረቤቴ ብድግ ብላ «ኧረ ወንድሜ፣ እኔ ለልጄ ነው ያጨበጨብኩት!» ብትለው፣ «አስተያየትዎ ተይዟል እናቴ፣ ሻይ ውጭ አለ» አላት።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነቱ። ሌላ ቦታ ሰው ለመምረጥ ይከራከራል፣ ይጣላል። እናንተ ገላገላችሁን።

ሁለተኛ፣ ስለ ተመራጮቹ። አንዱ ዩኒፎርም አቅራቢው ናቸው፤ ልጃቸው ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥቶ ፂሙን መላጨት ከጀመረ ቆየ። ሌላዋ የርዕሰ መምህሩ እህት ናቸው፤ ክፉ አይወጣኝም፣ ጨዋ ሴት ናቸው፣ ብቻ ልጅ የላቸውም። ሦስተኛው አዳራሹ ውስጥም አልነበሩም። መመረጣቸውን የነገራቸው ሰው ይኖር ይሆን?

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ግን ጨዋነቴ ያልቃል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማክሰኞ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «በወላጅ ተወካዮች ስምምነት» ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ከመጪው ወር ጀምሮ ከዋናው አስፋልት ማዶ ወዳለው ሕንፃ ይዛወራሉ ይላል። አስፋልቱን ያውቁታል፣ መስታወት ዘግተው ያልፉበታል። የትራፊክ መብራት የለውም፤ የእግረኛ ማቋረጫው ቀለም ለቋል፤ የጭነት መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ የሚነካው ፍሬኑን ሳይሆን ጥሩምባውን ነው። ልጄ ከቆመ መኪና ጀርባ ብትቆም አትታይም። ለዚህ ነው የተስማማሁት? መቼ? በየትኛው አፌ?

አራተኛም ነበረኝ። ደሜ ስለፈላ ይቅር።

የምንለው አጭር ነው። ምርጫው ይደገም። እዚያ ትምህርት ቤት ልጅ ያለው ሰው ይወዳደር። ድምፃችንን በወረቀት እንስጥ። እስከዚያ ድረስ አንድም ሕፃን ያንን አስፋልት እንዲሻገር አይደረግ።

ረጅም ዕድሜ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የሚሰማ ጆሮ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ሳልመርጥ መራጭ፣ ሳልጠየቅ ተስማሚ የተደረግኩት፣ ዝም ለማለት ሞክሬ ያልሆነልኝ አክባሪዎ፣

የሁለተኛ ክፍሏ ልጅ እናት

ሳልረሳው፦ አቤት ልል መሆኔን ሰምታ ጸሐፊዎ «ቢሮ ይምጡና በመግባባት እንጨርሰው» ብላ ደውላልኝ ነበር። እግዜር ይስጣት፣ አልመጣም። በር ተዘግቶ የተነገረኝን ውጭ ወጥቼ ባወራ ማን ያምነኛል? እርስዎ ይምጡ። ማስታወቂያው የተለጠፈበት በር ላይ፣ ወላጅ ሁሉ ልጁን በሚያደርስበት ሰዓት ይቁሙና ይንገሩን፦ እነዚህን ሦስት ሰዎች ማን መረጣቸው? ነገ አንድ ልጅ መኪና ቢገጨው «ወላጆች ተስማምተው ነበር» ብሎ የሚፈርመውስ ማነው? ስሙን ይጥሩልን፣ ጮክ ብለው።