የጓዳዋ መስኮት

መስከረም 20

ከጂንካ እስከ ኦሞራቴ እንደኔ ግንብ የሚያቆም ግንበኛ የለም። እሺ... ቅርብ እስካለችው ካኮ። የማታ ትምህርት ጨርሼ መጻፍ ከቻልኩ ዘንዳ ይህን የማልጽፍበት ምክንያት የለም።

ዳገቱን ቆርጬ የሠራኋት ጓዳ ነፋስ አታስገባም። ከአበዛሽና ከልጃችን ከኤልዳና ጋር የምንተኛው እዚያ ነው፤ ፊተኛዋ ክፍል የአበዛሽ ሱቅ ናት። አምና የወባ ትንኝ እንዳይገባ መስኮቷን በብሎኬት ደፈንኳት። ጎረቤታችን ጋሽ ኤርጎ አይተው፣ «ልጅ ልታሳድግባት ነው ወይስ በቆሎ ልታስቀምጥባት?» አሉኝ። ቅናት ነው።

ጥቅምት 4

ፋሲል መጣ። ባለፈው በጋ ጓዳችን ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ መለኪያ ሰቅሎ ከወራት በኋላ የወሰደው የዩኒቨርሲቲ ልጅ። ሬዶን የሚባል ጋዝ በዝቶብናል አለ። ከመሬት፣ ከድንጋዩ ይወጣል። በወለል ስንጥቅ ይገባል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ለዓመታት ከተነፈሱት የሳንባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

«የኔ ግንብ ምንም አያሳልፍም» አልኩት።

«ጋሼ፣ ችግሩ እሱ ነው። ከታች ይገባል፤ መውጫ የለውም። መስኮቱን ክፈቱ፣ ስንጥቁን ድፈኑ።»

አበዛሽ፣ «ልጄ ታማለች እንዴ?» አለች።

«አይ፣ ዛሬ አይደለም።»

ዛሬ አይደለም... ታዲያ መቼ?

ጥቅምት 5

ስንጥቁን ደፈንኩ። መስኮቱን አፈረስኩ። የገዛ ሥራዬን በገዛ መዶሻዬ! ጋሽ ኤርጎ ዱካ አውጥተው ተቀምጠው አዩኝ።

ጥቅምት 24

ኤልዳናን ወባ ያዛት። አጎበር አላት፤ ግን በእንቅልፏ እየተራገጠች ትገልጠዋለች። ሰውነቷ እንደ እሳት...

«የማይታየውን ፈርተህ የሚታየውን አስገባህባት!» አለች አበዛሽ።

ጨርቅ በውሃ ነክሬ የልጅቷ ግንባር ላይ አደረግኩ።

ኅዳር 9

ኤልዳና ተሻላት። መስኮቱ ላይ ወንፊት ሽቦ መታሁ። አበዛሽ አሁንም አላመነችም። «ጋዙ መቀነሱን ካልነገርከኝ ብሎኬቱን ትመልሳለህ። ሌላ ወባ አልችልም።»

በምን ልወቅ? ለፋሲል ደወልኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ...» ትላለች ሴትዮዋ። ደገምኩ። እሷው ናት። ግድግዳ ሲጣመም በቱንቢ አውቃለሁ። ይህንን በምን ልለካው? አፍንጫዬን ወለሉ ላይ ደፍቼ አሸተትኩ። ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይላል።

ኅዳር 16

አበዛሽ ብሎኬቱን ለጋሽ ኤርጎ የዶሮ ቤት ሰጠች። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከእንግዲህ የሚዘጋው የለም። ነገሩ የጀመረው ትናንት ማታ ነው። «ፋሲል ደውሎ ነበር፤ በጣም ቀንሷል፣ እንዳትዘጉት አለ» አልኳት። ድምፁንም አስመሰልኩላት። ኤልዳና በሳቅ ፈረሰች። አበዛሽ፣ «ጌታ ይመስገን» ብላ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው።

ቀንሶ ይሆናል። ላይቀንስም ይችላል... ፋሲል ግን አልደወለም።