አይነካም፣ ይረጫል

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

መኪናዋ ዛሬም ተንቀጠቀጠች። ስቆም ሞተሯ ሊጠፋ ይደርሳል፣ ነዳጅ ስረግጥ ያንቃታል። የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ አራገፍኩት። ለውጥ የለም።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አጥሩን ተደግፎ ያያል። "ካንዴላው ነው" አለኝ። ካንዴላውን ባለፈው ወር ነው የቀየርኩት አልኩት። "ዛሬ እንኳ አንዴ ልሳሳትበት፣ ምን አለበት?" አለ። ለምን እተወዋለሁ? ስህተት ሰምቼ ሳላርም አልፌ አላውቅም። ትምህርት ቤት ሳልረግጥ መካኒክ የሆንኩት በዚህ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ልጄ ኮፈኑን እንኳ ሳትከፍት ቆማ አዳመጠች። "የአየር መለኪያው ነው አባዬ። ቆሽሿል።"

ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካ ትንሽ ዕቃ ነው። ከማጣሪያው ቀጥሎ ቱቦው ላይ ይሰካል። በእኔ ጊዜ አልነበረም። ውስጡ ፀጉር የሚያካክሉ ሁለት ሽቦዎች አሉት አለች።

ሁለት ዓመት መኪና ጥገና ተምራለች። የምስክር ወረቀቷን ሳሎን ልትሰቅል ስትል አውርጂው ብያታለሁ። ሞተር በወረቀት አይነሳም።

ስለ መለኪያው ልክ ሳትሆን አትቀርም። አልነገርኳትም።

ሦስት ጋራዦች ሴት አንቀጥርም ብለው መልሰዋታል። የአራተኛው ጋራዥ ባለቤት ቅዳሜ ሊያያት ይመጣል። ባለጋራዡ ያውቀኛል። "የእርስዎ ቃል ይበቃኛል ጋሼ" ብሏል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እንደ ድመት ነው የምትራመደው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

የሚረጭ ማጽጃ በቆርቆሮ ይዛ መጣች። ሶኬቱን ነቀለች፣ ሁለቱን ብሎኖች ፈታች፣ መለኪያውን አውጥታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፋ አስቀመጠችው። ጥሩ አድርጋ ነው የሠራችው። እንደ ሕፃን ልጅም መከረችኝ። "አይነካም አባዬ። ይረጫል፣ ይደርቃል፣ ይመለሳል። በቃ።"

እጇን ልትታጠብ ገባች።

ቆሻሻ በመርጨት ብቻ ለቆ ያውቃል? ሠላሳ ዓመት ካርቡራተር ያጠብኩት በዚችው በመላጫ ብሩሼ ነው። ቤንዚን ነካ አደረግኳት። ቀስ ብዬ አንድ ጊዜ ሳብ...

አንዱ ሽቦ ተበጠሰ። ድምፅ እንኳ የለውም።

ብሩሹን ኪሴ ከተትኩ። ስትመለስ "ስትነቅዪው ስበሽዋል፣ ሽቦው ተበጥሷል" አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አንዴ ከወጣ ግን ወጣ።

ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። ብዙ ቆየች። "እኔኮ ሶኬቱን ብቻ..." ብላ ተወችው። ከዚያ "ይሆናል አባዬ" አለች።

ለምን ቶሎ አመነች? እኔ ብሆን እከራከር ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ቁርስ ላይ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ቀና ብላ አየችኝ። "ዳቦው ደርቋል" አልኳት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ባለጋራዡ መጣ። ስለ ጤናዬ ጠየቀ፣ ስለ መኪናዋ ጠየቀ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ተገትራለች፣ ሲያስነሷት ጥቁር ጭስ ተፍታ ትጠፋለች። ምን ነካት አለ። መለኪያው ተሰብሮ ነው አልኩ። ማን ሰበረው አላለም። ሊተወው ነበር። እኔ አልተውኩትም።

"የልጅዎስ እጅ እንዴት ነው ጋሼ?"

"እጇ ከባድ ነው" አልኩ። "መለኪያውን የሰበረችው እሷ ናት።"

የሻይ ብርጭቆ በትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጠብታ አላፈሰሰችም። ባለጋራዡ ዞሮ እውነት ነው ወይ አላት።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለች። አስቀምጣ ወጣች።

ሰውዬው ብርጭቆውን አልጨረሰም። ሌላ ጊዜ እናያለን ብሎ ሄደ።

ለራሷ ብዬ ነው። ጋራዥ ለሴት ልጅ ምን ያደርጋል? ወንዶቹ ይሳለቁባታል... ለራሷ ብዬ ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ሌላ መለኪያ አምጥታ ራሷ ገጠመች። ሞተሯ እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው። እንዲህ ስትሠራ ሰምቻት አላውቅም።

ብሎኑን አጥብቂው አልኳት።

"ጠብቋል።"

ኮፈኑን ዘግታ ገባች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

አክስቷ ዘንድ ሄደች። እዚያ ሳሙና ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ሰው ይፈልጋሉ አሉ። ሳሙና ካርቶን ውስጥ ልትደረድር። እጇ ለዚያ አይከብድም።

ላድርስሽ አልኳት። በእግሬ እሄዳለሁ አለች። የምስክር ወረቀቷን አልወሰደችም።

እሁድ፣ ጥቅምት 24

ካቻቪቴ ፍለጋ የመሣሪያ መሳቢያዬን ከፈትኩ። ብሩሼ አጠገብ በዚያ ንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። የተሰበረው መለኪያ።

አጉሊ መነጽሬን አመጣሁ። የተበጠሰው ሽቦ ጫፍ ላይ አንድ ፀጉር ተጠምጥሟል። መሐሉ ነጭ፣ ጫፉ ጥቁር። ብሩሼን አጠገቡ አደረግኩት... ምን ማመሳከር ያስፈልጋል? በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ፀጉር ከሌላ ከየት ይመጣል?

መስኮቱ ጋ አይታዋለች። ያን ዕለት፣ ረቡዕ። ቅዳሜ ትሪውን ይዛ ስትቆምም ታውቃለች። አሥር ቀን አብራኝ በላች፣ አንድ ቃል አልወጣትም።

ወረቀት ጽፋ ይሆናል ብዬ ጨርቁን ገለበጥኩት። ምንም የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ባለጋራዡ የደንበኛ መኪና ይዞ ግቢዬ ገባ። ትንቀጠቀጣለች፣ ስትቆም ልትጠፋ ትደርሳለች። መለኪያው ሳይቆሽሽ አይቀርም አለ። ሠራተኞቹ ዳተኞች ናቸው፣ ሰው እንደ እርስዎ የለም፣ ያጽዱልኝ አለኝ።

አልነካም አልኩት።

"ለምን ጋሼ?"

"እጄ ከባድ ነው።"

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። "ከባዱስ የልጅዎ እጅ ነው" አለኝ።

ልብስ ሰፊው አጥሩ ላይ ነበር። አፉን ከፈት አድርጎ እኔን እኔን ያያል፣ ሰውዬውን እስካርመው ይጠብቃል።

አላረምኩም።