የእትዬ ከድጃ ታፔላ

ናይሮቢ፣ ቅዳሜ ኅዳር 10 ቀን 1998

ዛሬ የፎቶ ማኅበራችን ኤግዚቢሽን መሃል ከተማ ተከፈተ። በፊልም ያነሳሁትን የእትዬ ከድጃን የኢስትሊ ሰፈር ሱቅ ፎቶ ኤግዚቢሽኑ ግድግዳ ላይ ሳየው ክው አልኩ። ዲጂታል የሚያነሳው የማኅበራችን አባል ካማው ኔጋቲቩን ለማሳተም በጀርባው ገልብጦ ስካን አድርጎት፣ ሟች ባላቸው ሐጂ በእጃቸው የጻፉት የአማርኛ ታፔላ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ግራና ቀኙ ዞሯል። ከማኅበሩ አማርኛ የሚያነብ እኔ ብቻ ነኝ፤ ማን ልብ ይበለው? ከሀብታሞቹ ሰፈር ከሩንዳ የመጣ አንድ ፈረንጅማ «ጽሑፉ ሲያምር!» አለኝ።

እትዬ ከድጃ አዲስ ሻሻቸውን አስረው በማታቱ ታክሲ መጡ። ቆመው አዩት።

«ልጄ፣ የሐጂን ጽሑፍ ምን አደረጋችሁት?» አሉኝ።

በሰው ፊት ካማው ላይ ጮህኩ።

ሐሙስ ዕለት ደውሎ «ከመታተሙ በፊት ና እይልኝ» ብሎኝ ነበር። «እኔ ፎቶ በኮምፒውተር አላይም» ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።