የሰሜኑ ጥግ ግንበኛ

በክርክር ለማይረታው አባቴ፣

እንደምን ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ? እማዬ ደህና ናት? እኔ ፀሐይ ካጠቆረኝና ቀኑን ሙሉ አቧራ ከመቃሜ በቀር፣ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለብቻህ አንብበው። ለእማዬ ማሳየት አለማሳየት ያንተ ፈንታ ነው።

ከድሮ ሰፈራችን ጀርባ ያለውን ፍርስራሽ መቆፈር ከጀመርን አራት ወር ሆነን። እማዬ ግድግዳውን እየዳሰሰች የምትጸልይበትን፣ አንተ ደግሞ «ግድግዳ ግድግዳ ነው፣ ምኑን ትስሙታላችሁ?» እያልክ ጎረቤቱን ሁሉ ያስቀየምክበትን ያንኑ ቤት። እንኳን ደስ አለህ፣ ረትተሃል፤ ቅዱስ የተባለው ክፍል በረት ነበር። ገንዳውም የአህያ ጥርሱም ወጥቷል።

ከበረቱ ወለል በላይ አንድ ክንድ ሙሉ ባዶ አፈር አለ። በረቱን የሠሩት ሰዎች ጥለውት ከሄዱ በኋላ ማንም ሳይኖርበት ለብዙ መቶ ዓመት የተከማቸ ነው። ከዚያ በላይ ኩራዝ፣ ጨሌ፣ የሰም ጠብታ ይመጣል። በኋላ የመጡት ሰዎች ማን እንደሠራው የሚነግራቸው ቢያጡ፣ ይህን ድንጋይ የሰው ልጅ አላነሳውም ብለው ተንበረከኩ። ቦታውን ለምትጠብቀው ሴትዮ ይህን ስነግራት እንዳትከፋ ፈርቼ ነበር። እሷ እቴ! በረት ከሆነማ ድሮም የደከመው የሚያርፍበት ነበራ ብላ ሳቀችብኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የቁፋሮው ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሩ፣ የሰሜኑን ጥግ አይቶ ልቡ ጠፍቷል። ከሁሉ የጥንቱ እሱ ነው፣ የዛሬ ሰው እንዲህ አድርጎ ድንጋይ መግጠም አይችልም ብሎ ለመጽሐፉ ሽፋን ፎቶ አስነሥቶታል። የግድግዳውን ንድፍ የምሠራው እኔ ስለሆንኩ እያንዳንዱን ድንጋይ እለካለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ከመጋጠሚያው ውስጥ አረንጓዴ የናይለን ሲባጎ ቁራጭ አገኘሁ። አጠገቡ ጭቃው በአውራ ጣት ተጭኖ ተስተካክሏል፤ ጣቱም የተጣመመ ነው። ድንጋይ ወድቆበት አውራ ጣቱ የተጣመመ፣ መሣሪያ ትቶ በጣቱ የሚያስተካክል ስንት ግንበኛ አውቃለሁ?

ጠባቂዋን ጠየቅኳት። ጥጉ በአንድ ክረምት ተንዶ እንደነበር፣ አንድ ግንበኛ አሥራ አንድ ቀን በማለዳ እየመጣ እንደሠራው፣ ክፍያ እምቢ እንዳለ፣ አንዴም እንዳልጸለየ፣ ለማንም እንዳትናገር እንደለመናት ነገረችኝ። መቼ ነበር አልኳት። ነገረችኝ። እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ሆስፒታል የተኛሁበት ክረምት ነው። እማዬ እስከ ዛሬ «ልጄ ስታጣጥር እሱ በጠዋት ሥራ ይሄድ ነበር» እያለች ትወቅስሃለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ዝም ብለህ ዋጥከው። አባዬ፣ አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?

ጭንቄ ይኸውልህ። የቅርብ ጊዜ ጥገና ከሆነ ይፈርሳል፤ ደንቡ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ ሥራህ የሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል፣ እኔም ውሸታም እሆናለሁ። ሐሙስ ዕለት በሁሉም ፊት ተነሥቼ፣ ይህን ጥግ የሠራው አባቴ ነው አልኩ። ሳቁብኝ። ሲባጎውን ሳሳያቸው እየተቀባበሉ አገላብጠው አዩት። ፕሮፌሰሩ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ከዚያ መነጽሩን አድርጎ የጣትህን አሻራ ብዙ ቆይቶ አየ። ይፍረስ እንዳይል ቀደምኩት። ይህን በረት ቅዱስ ያደረጉት የሠሩት ሰዎች አይደሉም፣ በኋላ መጥተው የተንከባከቡት ናቸው፤ አባቴም አንዱ ነው፤ የእነሱን ኩራዝ መዝግበን የእሱን ድንጋይ ልንጥል ነው? አልኩ። መልስ እስኪሰጡኝም አልተቀመጥኩም።

አይፈርስም ተባለ። ኮራሁ አባዬ፣ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ፕሮፌሰሩ መጥቼ እጁን ልጨብጥ ብሏል። ፕሮፌሰር ያሳሳተ ግንበኛ ባንተ አየሁ!

ለጥጉ ቅጽ ሞላሁ። ሠሪ፦ ግንበኛ። ዘመን፦ የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት። ቀጥሎ «የተሠራበት ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ፕሮፌሰሩ «አይታወቅም» ብለሽ ጻፊ አለኝ። እምቢ ብዬ ባዶውን ተውኩት። ብትፈልግ አንተ ትሞላዋለህ፤ ካልፈለግክም ይቅር።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ እማዬንም ያቆይልን።

ያኔ ሆስፒታል የተኛችው ምክንያትህ ደህና ናት፤ ሰላም ትልሃለች።

ልጅህ