ሣር ጨብጦ የሄደው ሚስተር

ይድረስ ቀን ከሌት ለምትናፍቀኝ ለወንድም ጋሼ ለኢሊያስ፤

አሰላሙ አለይኩም፤ ሰላምና ጤና ከነቤተሰብህ ይክበብህ። የጁባ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ያ ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም መኪና ሥር ተጋድመህ ነው የምትውለው? ዙለይካስ እንዴት ናት? ትንሹ አብዱናሲር ጥርስ አወጣ ብለውኛል፤ እናቱን መንከሱን ይተው በልልኝ። እኛ ለጤናችን አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ስለሌላው ግን ምን ብዬ ልጀምርልህ? ወሩን ሙሉ ድንጋጤው አልለቀቀኝም።

በስልክ ያልነገርኩህ ስደውል እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። አሁን የጎረቤታችን ልጅ ኢሕሳን ወደ እናንተ እመጣለሁ ሲል ጊዜ ደብዳቤውን በእሱ እጅ ሰደድኩት።

የምሠራበት የልብስ ፋብሪካ ተነቅሎ ሄደ። ተዘጋ አላልኩህም፣ ተነቅሎ ሄደ! መጀመሪያ ትዕዛዝ ቀንሷል፣ ለትንሽ ጊዜ እረፍት ውጡ ተባልን። እኛ ሞኞቹም ደስ ብሎን ፀጉራችንን ተሠርተን ተቀመጥን። አንድ ማለዳ አብራኝ የምትሰፋው ዋፊቃ እያለከለከች መጥታ፣ የስፌት መኪኖቹ በኮንቴይነር ተጭነዋል፣ ተሳቢዎቹ ሊወጡ ተሰልፈዋል ስትለኝ ክው አልኩ። ቦታው የሰፈሩ ከብት የሚግጥበት እንደነበር አንተም ታውቃለህ። ሽማግሌዎቹ መርቀው የሰጡት ለልጆቻችሁ ሥራ ይሆናል ተብለው ነው። መስኩ ሲሄድ ከብቱ ተሸጠ፣ ከብቱ ሲሸጥ እኛ ልብስ ሰፊ ሆንን፣ አሁን ደግሞ ስፌቱም ሄደ።

ሮጠን በሩ ጋ ስንደርስ ያየሁትን እስከ ዛሬ ዓይኔ አላመነውም። የሰፈሩ እናቶች የሲንቄ በትራቸውን ይዘው የመውጫውን መንገድ ዘግተው ቆመዋል። ከፊት ያለችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? እማዬ! ገበያ ላይ ቀንሱልኝ ማለት እንኳ የሚያሳፍራት እማዬ፣ ስትዳር የተሰጣትን በትር በሁለት እጇ ጨብጣ ተሳቢው አፍንጫ ሥር ቆማለች። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ሾፌሩ አብዱልጀባር የሚባል የወሎ ሰው ነው። ጡሩንባውን አንዴ ነፋ፤ ንቅንቅ የሚል ሲያጣ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ሚስተሩ ንዳ ብሎ ቢጮህበት፣ እናት ላይ አልነዳም፣ ከፈለግህ ቁልፉ ይኸውልህ አለው።

ሚስተሩ የምንለው የውጭ አገሩን ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ስሙ ለአፋችን ስለከበደን ሁሉም እንዲያ ነው የሚጠራው። ፀሐዩ እስኪከር ስልክ እያወራ ሲወጣ ሲገባ ቆየ፤ እናቶቹም እያዜሙ ቆሙ። በኋላ ዘበኛው ጋሽ ሰንበታ ሆዱ ባባ መሰለኝ፣ ጠጋ ብሎ፣ እርጥብ ሣር ይዘህ ብትለምናቸው ይሰሙሃል አለው። ሣሩንም ራሱ ከአጥሩ ሥር ነቅሎ ሰጠው። ሚስተሩ ኮፍያውን አውልቆ፣ ሣሩን በሁለት እጁ ይዞ እናቶቹ ፊት ዝቅ ሲል ያላለቀሰ አልነበረም። እኛ ዘንድ ሣር ይዞ የመጣ ሰው ጥፋቱን ያመነ፣ ያበላሸውንም ሊያቀና ቃል የገባ ነው። ሣር የያዘን መግፋት ደግሞ ነውር ነው። እማዬ ሣሩን በእጇ ነካ አድርጋ መረቀችው። እልልታው ቀለጠ፣ ሲንቄዎቹ ተነሡ፣ መንገዱ ተከፈተ።

ሚስተሩ ፈገግ ብሎ አመሰገነና ሣሩን እንደጨበጠ መኪናው ውስጥ ገባ። ተሳቢዎቹም ተከተሉት። እናቶቹ በፈቃዳቸው ከተነሡ ሾፌሩስ ምን ያድርግ? እኛ ዞረው በወዲያኛው በር ሊገቡ መስሎን እልል እንላለን። ወደ አዳማ የሚወስደው መንገድ ላይ ታጥፈው አቧራቸው እስኪጠፋ ድረስ እልል እያልን ሸኘናቸው። አጃኢብ ነው፣ ወንድሜ! እንጀራችንን በገዛ እልልታችን ሸኝተን አጨብጭበን ቀረን። ጋሽ ሰንበታ ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ፊት መቆም አቅቶታል፤ አያያዙን አሳየሁት እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አልነገርኩትም እያለ ራሱን ይረግማል።

አብረውኝ ይሰፉ የነበሩት ሴቶች ተበታትነዋል። ዋፊቃ አዳማ ገብታ መጋዘን ውስጥ ቦሎቄ ትለቅማለች፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ቢሆንም ለእኔም ቦታ ለምናልኛለች። ወሩ ሳያልቅ ካልሄድኩ ለሌላ ይሰጣል። እማዬ ግን አትሄጂም ብላ ድርቅ አለች። በየጠዋቱ ፋብሪካው በር ድረስ ሄዳ፣ ባዶውን ግቢ አይታ ትመለሳለች። ሰፈርተኛው ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያለ ይስቅባታል፤ አብረዋት የቆሙት እናቶች እንኳ ተስፋ ቆርጠዋል። ትናንት ልብሴን ስሸክፍ አየችኝና ምን አለችኝ መሰለህ? ሰውዬው ሣር ይዞ ለምኖናል፣ እኛም ይቅር ብለናል፤ ተመልሶ መጥቶ ሰፊ ቢያጣ ቃል ያፈረስነው እኛ ልንሆን ነው አለችኝ። ደንግጬ ሻንጣዬን መልሼ ፈታሁት።

ወንድም ጋሼ፣ እሷ የአንተን ቃል ትሰማለች፤ እባክህ ደውለህ አንተ ንገራት። እኔ ሞክሬ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሚስተሩ አይመለስም ብላት ታምነኝ ይሆናል። ሣር ይዞ ለምኖ፣ ተመርቆ፣ ደግሞ ጥሎ የሚሄድ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አለ ብዬ እንዴት እንደምነግራት ግን አላውቅም።

ዙለይካን አቅፈህ ሰላም በልልኝ፤ የአብዱናሲርን ጉንጭ ሳምልኝ። ታናሻችን ቢሊሴ ሰላም ብላሃለች፤ ቁመቷ እኔን አልፎኛል፣ ምላሷም እንደዚያው። ጋሽ ሰንበታም በእኔ በኩል ሰላምታውን ልኳል። እማዬ ይህን ስጽፍልህ የለችም፤ በሩ ጋ ሄዳለች።

እህትህ ሶረቲ
ሁሩታ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.