ያስረዘምኋት «ሁ»

ሰኞ

አንዲት ፊደል ቀይሪ አለኝ! አዘጋጁ ቢንያም፣ በተዋንያኑ ሁሉ ፊት። ቴአትሩ እሑድ ይከፈታል። እኔ ልጇ ጣና ላይ የሰጠመባት እናት ነኝ፤ ሦስተኛው ገቢር ላይ «ልጄን ቀበርሁ» እላለሁ። ዛሬ ይህን ስል የመብራት ሠራተኛው ሳቀ። ከዚያ ትኬት ሻጯ። ከዚያ ሁሉም። ቢንያም ራሱ አፉን በእጁ ይዞ፣ «ይቅርታ፣ ድንቄ መጣችብን። "ቀበርኩ" በይው» አለ።

ድንቄ እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት አዲስ አበባ በቴሌቪዥን የተጫወትኳት፣ ከጎጃም የመጣች የቤት ሠራተኛ። በር በተንኳኳ ቁጥር «ደረስሁሁሁ!» እያለች ትሮጣለች። አገር ይስቃል። ተሸለምኩባት፣ እንጀራ በላሁባት። ወደ ባሕር ዳር የተመለስኩት እሷን ጥዬ ነበር፤ ተከትላኝ መጣች።

አልቀይርም አልኩት። «እንግዲያው ሐሙስ ለተጋበዘ ሰው እናሳያለን፤ ከሳቁ ሚናው ለተጠባባቂዋ ይሰጣል» አለ። በትሕትና ነው ደግሞ የሚናገረው። ትሕትናው ነው ያበገነኝ።

ማክሰኞ

ወደ ዘንዘልማ፣ ወደ ኪራይ ቤቴ በባጃጅ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝና «ድንቄ አይደለሽ? እስቲ ደረስሁሁሁ በይልን!» አለ። ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። «ኧረ ኮራሽብን!» መንገድ ላይ አስቆምኩትና ወረድኩ፤ የቀረውን በአቧራ በእግሬ ገባሁ።

የተናደድኩባቸውን ልጻፍ። ሹፌሩ። ቢንያም። ጎጃምን በካርታ እንጂ በእግሩ የማያውቀው የድራማው ደራሲ። እኔ።

እኔ፣ ምክንያቱም «ሁ»ዋን አስረዝሚ ያለኝ ማንም የለም። የመጀመሪያው ቀረጻ ላይ ፈርቼ ድምፄ ተንቀጥቅጦ ረዘመ። ካሜራ የያዘው ሳቀ። ሲስቅ ደገምኳት። በገዛ እጄ።

ረቡዕ

አባዬ ከቁንዝላ ደወሉ። መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ሲያስነብቡ የኖሩ። ስለ ድራማው በስምንት ዓመት አንድ ቃል ተንፍሰው አያውቁም።

«ጀልባ ካለ ቅዳሜ እመጣለሁ። ቴአትሩን ላየው ነው።»

«ለምን አሁን?» ብዬ ጮኽኩባቸው። በአባቴ ላይ!

«ያችን እንደ ጅብ የምትጮኺባትን ሴትዮ ነው የምትሠሪ?» አሉ። ስልኩን ዘጋሁባቸው። ይቅር ይበለኝ።

ይህን ደብተር መለስ ብዬ ሳነበው ደግሞ ሁሉም ቦታ «ኩ» ነው። ወረድኩ፣ ጮኽኩ፣ ደገምኩ። አዲስ አበባ ሰው እንዳይስቅብኝ የለመድኩት ነው። በቴሌቪዥን «ሁ» ብዬ እበላለሁ፣ ከካሜራ ውጭ «ኩ» ብዬ እከበራለሁ። የገዛ ዳቦዬን ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይሄ ነው።

ሐሙስ

ፈራሁ። «ቀበርኩ» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ማንም አላለቀሰም። ከፊት የተቀመጠችው ሴትዮ ስልኳን ትነካካ ነበር። ቢንያም እየሮጠ መጥቶ «አየሽ? ጸዳ!» አለኝ። ሚናው የእኔ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የሆነ ነገር ልሰብር ነው የፈለግኩት።

ዓርብ

ጣና ዳር ወርጄ ለብቻዬ ሞከርኳት። ቀበርሁ። ቀበርሁ። ሁሌ ድንቄ ናት የምትወጣው። አሣ የምታጸዳ ሴት ሰምታኝ «ማንን ነው የቀበርሽው፣ እኅቴ?» አለች፣ ከልቧ ደንግጣ። ምን ልበላት? ሸሸሁ።

ቅዳሜ

አባዬ መጡ። ከጀልባው ሲወርዱ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ እዚያው ወደቡ ላይ ንዴቴ ገነፈለ። በአነጋገራችን ስላሳቅኩ ነው አይደል ስምንት ዓመት ያኮረፉኝ?

«በአነጋገሩማ ምን አፍራለሁ? የራሴ አይደለም? ወዳቂውን ስላነሣሽው ነው እንጅ።»

የንባብ ትምህርት ነው። መጨረሻው ዝቅ ብሎ፣ ወድቆ የሚነበብ ቃል አለ፤ ከፍ ብሎ፣ ተነሥቶ የሚነበብ አለ። ስምንት ዓመት ሙሉ ለንባብ ስሕተት!

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንች መቼ ጠየቅሽ?»

የምጫወታትን እናት ቃል ነገርኳቸው። «"ቀበርኩ" ብልስ?»

«እሱ ግዕዝ ነው፣ ለመጽሐፉ ተይው። ሴትዮዋ በምን ቋንቋ ነው የምታለቅስ?»

ሻንጣቸው ላይ ተቀመጡና እንደ ተማሪያቸው አስነበቡኝ። መንገደኛ እያየን። «አነሣሽው። ድገሚ። አሁንም አነሣሽው። "ሁ"ዋ ትውደቅ፣ ትንፋሽ ትሁን። እናትሽ ወንድምሽን የቀበርን ለታ እንዴት ነበር ያለች?»

ትዝ አለኝ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ ለማንም ሳይሆን ነበር ያለችው። የመጨረሻዋ ድምፅ አትሰማም ነበር ማለት ይቻላል።

እሑድ

ከቀኑ በአሥር ሰዓት ተከፈተ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ለቢንያም አልነገርሁትም።

ሦስተኛው ገቢር ደረሰ። መድረኩ መኻል ቆምሁ። «ልጄን ቀበርሁ» አልሁ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላም ተከተለው። አልሸሸሁም፤ ጠበቅሁ። ሳቁ ብቻውን ቀረና አፍሮ ቆመ። ያን ጊዜ ቃሏን ደገምኋት፣ ከፊተኛዋም ዝቅ አድርጌ። ከዚያ በኋላ መድረኩን እስክለቅ ድረስ የሳቀ የለም።

ቢንያም ከመጋረጃው ጀርባ አኩርፎ ጠበቀኝ። «ተስማምተን ነበር እኮ» ብሎ ሄደ። ቴአትሩ ዳግም ሲታይ ማን እንደሚጫወት አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

አባዬ ከአዳራሹ ቀድመውኝ ቤቴ ገብተው ነበር። በሩን አንኳኳሁ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ። ደረስሁ።»

መቀርቀሪያውን ሲስቡ ሰማሁ። «እንዲያ ነው የምትነበብ» አሉ፣ በሩን ሳይከፍቱት ገና።